ደብዳቤ ቤት ሲቀይር፦ ከሐይቅ ወንጌል እስከ ኮምቦልቻ ኮምፒውተር

ደሴም ይሁን ኮምቦልቻ፣ አንድ መሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ሊቀይር ወይም ያለውን «ፎርማት» ሊያስደርግ ሲነሣ፣ ባለሙያው መጀመሪያ የሚጠይቀው «የሚፈለግ ፋይል አለ?» ብሎ ነው። መልሱም ብዙ ጊዜ ያው ነው፤ «ዴስክቶፕ ላይ ያለውን ወደ ዲ ገልብጥልኝ፣ ሌላው ይቅር።» በዚያ «ሌላው» ውስጥ የአሥር ዓመት ደብዳቤ ሊኖር ይችላል። በአውትሉክና በመሰል ፕሮግራሞች የወረደ ኢሜይል አብዛኛውን ጊዜ ዴስክቶፕ ላይም ሆነ ዲ ላይ አይገኝም፤ ሲ ውስጥ፣ ዊንዶውስ ራሱ ከዓይን በሰወረው ፎልደር ነው የሚኖረው። ሲ ሲጠረግ ከአቅራቢ ጋር የተደረገው የዋጋ ድርድር፣ ከለጋሽ ድርጅት የመጣው የማጽደቂያ መልእክት፣ ውጭ አገር ካለ መምህር ጋር የተደረገው የምርምር ልውውጥ አብሮ ይጠረጋል። ሌባ አልገባም፣ እሳት አልተነሣም፤ ደብዳቤው ግን የለም። መጥፋቱ የሚታወቀውም ከዓመት በኋላ ኦዲተር መጥቶ «ማን ፈቀደ?» ሲል ነው።

የወረቀት ደብዳቤ እንዲህ በቀላሉ አይጠፋም ነበር። መሥሪያ ቤቶቻችን መዝገብ ቤት አላቸው። ገቢው ቁጥርና ቀን ይሰጠዋል፤ ወጪው ማኅተም ካረፈበት በኋላ ቀሪው ፋይል ውስጥ ይገባል፤ ግርጌው ላይ «ግልባጭ» ተብሎ ለተዘረዘሩት ክፍሎች ሁሉ አንዳንድ ቅጂ ይደርሳል። አሠራሩ ዘገምተኛ ነው ተብሎ ይወቀሳል፣ ወቀሳውም ውሸት አይደለም። ነገር ግን አንድ ደብዳቤ በአንድ ጊዜ በሦስትና በአራት ቦታ እንዲኖር ያደርግ ነበር። ኢሜይል ሲመጣ ይህን በር ሳያልፍ በቀጥታ ወደ አንድ ሠራተኛ ማሽን ገባ። ቁጥር የሚሰጠው፣ ቀሪ የሚያስቀምጥለት ሰው አልነበረም። ዛሬ ኮምፒውተር በተቀየረ ቁጥር የምንከፍለው ዕዳ የዚያ ቀን ዕዳ ነው ብዬ አምናለሁ።

ወሎ የጽሑፍ አያያዝን ከኢሜይል በፊት ለብዙ ዘመን ያውቀዋል። ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል በሚርቀው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም፣ በአባ ኢየሱስ ሞዐ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. ከ1280 እስከ 1281 ባለው ጊዜ የተጻፈ አራቱ ወንጌል አለ። የተጻፉበት ዘመን ተለይቶ ከሚታወቅ የግእዝ ብራናዎች መካከል ከጥንታውያኑ አንዱ ነው። በመጽሐፉ ውስጥ ከወንጌሉ ቃል ሌላ አባ ኢየሱስ ሞዐ ለገዳሙ የሰጧቸው መጻሕፍት ዝርዝር ሰፍሮ ይገኛል። አድባራትና ገዳማት የርስትን፣ የስጦታንና የስምምነትን ጉዳይ በወንጌል ባዶ ገጾች ላይ የመመዝገብ ልማድ ነበራቸው። ቁራጭ ብራና ይጠፋል፤ ወንጌል ግን ማንም የማይጥለው፣ በክፉ ቀን መጀመሪያ ተይዞ የሚወጣ መጽሐፍ ነው። ጽሑፉን ከሚከበረው ነገር ጋር አንድ ላይ ማኖር የታሰበበት የመዝገብ አያያዝ ነው።

የዚያ ወንጌል ታሪክ በዚህ አላበቃም። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የኢትዮጵያን ብራናዎች በማይክሮፊልም የሚያነሣ ታላቅ ሥራ ተጀመረ። የሐይቁ ወንጌልም ተነሥቶ 1832 የሚል ቁጥር ተሰጠው፤ ፊልሙ አንድ ወገን በአዲስ አበባ፣ ሌላ ወገን ደግሞ በአሜሪካ ሚኒሶታ፣ ኮሌጅቪል በሚገኝ የቤኔዲክት ገዳም ቤተ መዛግብት ተቀመጠ። ኋላም ማይክሮፊልሞቹ ወደ ዲጂታል መተላለፍ ጀመሩ። ከብራና ወደ ፊልም፣ ከፊልም ወደ ኮምፒውተር፤ በየሽግግሩ ዋናው ሳይነካ ቅጂው ነው የተጓዘው። እንዲያውም ኢሜይልን ወደ አዲስ ማሽን የሚያዛውር ሰው የሚያስፈልገው ደንብ ይኸው ነው፤ አትቁረጥ፣ ገልብጥ።

ሌላም ትምህርት ከታሪካችን አለ። የ19ኛው መቶ ዘመን ነገሥታትና መሳፍንት ለውጭ መንግሥታት የጻፏቸውን ደብዳቤዎች ዛሬ የምናነባቸው በአብዛኛው ለንደን፣ ፓሪስና ሮም ባሉ ቤተ መዛግብት ስለተገኙ ነው። የስዊድኑ የታሪክ ሰው ስቨን ሩበንሰን «አክታ ኤትዮፒካ» በተባሉት ጥራዞች ከ1800 እስከ 1879 እ.ኤ.አ. ያሉትን ደብዳቤዎችና ውሎች ያሰባሰቡት ብዙውን ከተቀባዮቹ እጅ ነው። ላኪው ቀሪውን ባልጠበቀበት ቦታ ተቀባዩ ጠበቀው። የራሳችንን ቃል ከሌላ ሰው ሣጥን መለመን ማለት ነው።

ቅጂ በእጅ ሲኖር ምን ያህል ኃይል እንዳለው ደግሞ ይኸው ደቡብ ወሎ ምስክር ነው። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 በውጫሌ አቅራቢያ፣ ይስማ ንጉሥ ላይ የተፈረመው ውል በአማርኛና በጣሊያንኛ ተጽፎ ነበር። 17ኛው አንቀጽ በሁለቱ ቅጂዎች አንድ አለመሆኑ ሲታወቅ፣ ዐፄ ምኒልክ ሊከራከሩ የቻሉት የአማርኛው ጽሑፍ በእጃቸው ስለነበረ ነው። ያ ቅጂ ጠፍቶ ቢሆን ክርክሩ በጣሊያን ወረቀት ላይ ብቻ በቆመ ነበር።

በ1928 ዓ.ም. ደግሞ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ የጦር ማዘዣቸውን ደሴ ላይ አድርገው ሳለ፣ ህዳር 26 ቀን የጣሊያን አውሮፕላኖች ከተማዋን ደበደቡ፤ የአሜሪካ አድቬንቲስት ሚሲዮን ሆስፒታልም ተመታ። የተቃውሞ ቴሌግራም ወደ ጄኔቫ፣ ወደ መንግሥታት ማኅበር ሄደ። የማኅበሩ መዛግብት እስከ ዛሬ በጄኔቫ ተጠብቀው ይገኛሉ። ከደሴ የወጣን ቃል ፈልጎ ወደ ስዊዘርላንድ መሄድ የግድ የሚሆንበት ጊዜ አለ ማለት ነው።

ፖስታ በአገራችን በዐፄ ምኒልክ ትእዛዝ በ1886 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ ኢትዮጵያ የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል የሆነችው በ1901 ነው። ቤት ለቤት ማደል ስላልተለመደ የደብዳቤ አድራሻ የፖስታ ሣጥን ቁጥር ሆነ። ድርጅቱ ከፒያሳ ወደ ሆጤ ቢዛወር ሣጥኑ አይንቀሳቀስም፤ ቁልፉን የያዘ ሰው ሄዶ ይከፍተዋል። ይህን ሣጥን ልብ ይሏል፤ ወደ እሱ እንመለሳለን።

ኢሜይል ወደ ኢትዮጵያ የገባው በአዲስ አበባ፣ በአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን በኩል ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. የኮሚሽኑ ፓዲስ የተባለው ክፍል መልእክት እያጠራቀመ በዓለም አቀፍ የስልክ መስመር ወደ ለንደን ያስተላልፍ ነበር። ከዚያ በኋላ የቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽኑ በጥር 1997 እ.ኤ.አ. የኢንተርኔት አገልግሎት ጀመረ። ያን ጊዜ የነበሩት አድራሻዎች መጨረሻቸው ቴሌኮም ዶት ኔት ዶት ኢቲ ነበር፤ ቆይቶ ኢትዮኔት ዶት ኢቲ መጣ። ይህ የአድራሻ ለውጥ በአገራችን ከታዩት ትልልቅ የኢሜይል ሽግግሮች አንዱ ሳይሆን አይቀርም። የደብዳቤ ራስጌዎች እንደገና ታተሙ፣ ማኅተሞች ተቀየሩ፤ በአሮጌው አድራሻ የተደረገው ልውውጥ ግን በአሮጌው ኮምፒውተር ውስጥ እንደተቀመጠ ቀረ።

ለምን በኮምፒውተሩ ውስጥ ቀረ? ምክንያቱ የስልክ መስመር ነው። በዲያል አፕ ዘመን መስመሩ ውድ ነበር፣ ይቆራረጥም ነበር፤ ፋክሱም ስልኩም በዚያው መስመር ይሄዳል። ስለዚህ ብልሁ አሠራር ፈጥኖ መገናኘት፣ ደብዳቤውን ማውረድ፣ መስመሩን መዝጋትና ተረጋግቶ ማንበብ ሆነ። ለዚህ የሚስማማው ፖፕ የተባለው ሥርዓት ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 ተወጥኖ በ1988 ሦስተኛው ዓይነት ወጣለት፤ ዛሬም ፖፕ 3 የምንለው እሱን ነው። ፖፕ በመሠረቱ የፖስታ ሣጥኑን ከፍቶ ያለውን ሁሉ ወደ ቤት ወስዶ ሣጥኑን ባዶ አድርጎ ይመለሳል። አይማፕ የተባለው ሌላው ሥርዓት፣ በ1986 እ.ኤ.አ. ማርክ ክሪስፒን የሠሩት፣ ደብዳቤውን ሣጥኑ ውስጥ እንዳለ ትቶ ባለቤቱ ከየትም ቦታ እንዲያነበው ያደርጋል። አይማፕ ዘወትር የተከፈተ መስመር ይወዳል፤ በዚያ ጊዜ ደሴ ላይ የነበረው መስመር እንዲህ ያለ አልነበረም። ደብዳቤዎቻችን ማሽን ላይ የሰፈሩት በድህነት ምክንያት እንጂ በስንፍና አይደለም።

ከዚህ የሚከተል፣ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። በፖፕ ሥርዓት የገባው ደብዳቤ «ቅጂው ሰርቨሩ ላይ ይቆይ» ተብሎ ከታዘዘ ሌላ ቦታም ሊኖር ይችላል። የተላከው ግን ከላኪው ወገን አብዛኛውን ጊዜ በማሽኑ ውስጥ ብቻ ነው የሚኖረው። ሰርቨሩ ብዙውን ጊዜ ተቀብሎ ያስተላልፈዋል እንጂ አያስቀምጠውም። ስለዚህ ኮምፒውተሩ ሲጠረግ ከሁሉ ይልቅ የሚጠፋው እኛ ለሰው የተናገርነው ነው፤ ሰው ለእኛ የተናገረው እንኳ ሊተርፍ ይችላል። ሩበንሰን ለንደንና ፓሪስ ድረስ ሄደው የፈለጉት ዓይነት ደብዳቤ ማለት ነው።

እዚህ ላይ የፊደላችን ጉዳይ ይገባል፤ እኔ ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝም እሱ ነው። ግእዝ ፊደል ወደ ዩኒኮድ የገባው በሦስተኛው እትም፣ በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ዊንዶውስ ራሱ የአማርኛ ፊደልና የቁልፍ ሰሌዳ ይዞ የመጣው በ2007 እ.ኤ.አ. በቪስታ ነው። ከዚያ በፊትና ከዚያም በኋላ ለረጅም ጊዜ መሥሪያ ቤቶቻችን የሚጽፉት በቪዥዋል ግእዝ፣ በፓወር ግእዝ፣ በአጋፋሪና በሌሎች ሶፍትዌሮች ነበር። ብዙዎቹ የቀድሞ ፊደሎች የእኛን ሆሄ በላቲን ፊደል ቦታ ላይ ያስቀምጡ ነበር፤ አንዱ «ሀ» ያኖረበት ላይ ሌላው ሌላ ሆሄ ያኖራል። በአሮጌው ማሽን ላይ ጥርት ያለ አማርኛ የነበረው ደብዳቤ፣ ያ ፊደል ያልተጫነበት አዲስ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት የላቲን ፊደልና የምልክት ጥርቅም ሆኖ ይታያል። ያየው ሠራተኛ «ቫይረስ በልቶታል» ብሎ ይሰርዘዋል። አልተበላም። ፊደሉ ሲጫን መልሶ ይነበባል፤ ወደ ዩኒኮድ የሚለውጡ ፕሮግራሞችም አሉ። ስለዚህ ከአሮጌው ኮምፒውተር ደብዳቤውን የሚያወጣ ሰው የፊደሎቹንም ፋይል ከዊንዶውስ የፎንት ፎልደር አብሮ ማውጣት አለበት። ያን ፊደል ዛሬ ካላወጣነው ነገ ማግኘቱ ይከብዳል።

ብዙ ሰው ግን ይህን ሁሉ በመሸሽ አማርኛን በላቲን ፊደል መጻፍ መረጠ። የዚያ ዘመን የግል ኢሜይል፣ በተለይ ከአረብ አገር እስከ ዋሽንግተን ካሉ ዘመዶች ጋር የተደረገው፣ አብዛኛው እንዲህ የተጻፈ ነው። ለዓይን አያምርም፤ ለሽግግር ግን ከሁሉ የቀለለ እሱ ሆኖ ተገኘ።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። መጀመሪያ መታወቅ ያለበት አካውንቱ ፖፕ ነው ወይስ አይማፕ የሚለው ነው፤ የፕሮግራሙ የአካውንት ማስተካከያ ገጽ ላይ ተጽፎ ይገኛል። አይማፕ ከሆነ ነገሩ ቀላል ነው፤ አዲሱ ኮምፒውተር ላይ አድራሻውና ፓስዎርዱ ሲገባ ደብዳቤዎቹ ራሳቸው ይወርዳሉ። ቢሆንም አሮጌው ማሽን ላይ ብቻ የተፈጠሩ፣ ሰርቨሩ የማያውቃቸው ፎልደሮች እንዳሉ ማየት ያስፈልጋል፤ የቆዩ ደብዳቤዎች «አርካይቭ» ተደርገው ወደዚያ የሚወርዱበት ጊዜ ብዙ ነው።

ፖፕ ከሆነ ፋይሉን ራሱን መፈለግ ይገባል። በአውትሉክ ደብዳቤው፣ አድራሻውና ቀጠሮው ፒኤስቲ በተባለ ፋይል ውስጥ ተጠቃልሎ ይገኛል። ፕሮግራሙ ተዘግቶ ፋይሉ ይገለበጣል፣ አዲሱ ማሽን ላይም ከአውትሉክ ውስጥ ይከፈታል። እስከ 2002 እ.ኤ.አ. በወጡት አውትሉኮች ይህ ፋይል 2 ጊጋባይት ሲሞላ ይበላሽ ነበር፤ ስለዚህ አሮጌ ፋይል ካለ ክብደቱን ማየት ደግ ነው። በዊንዶውስ ኤክስፒ ብዙ ቢሮ የተገለገለበት አውትሉክ ኤክስፕረስ ደግሞ ለየፎልደሩ ዲቢኤክስ የሚባል የተለየ ፋይል ነበረው። ከቪስታ ጀምሮ ፕሮግራሙ ስለቀረ አዲሱ ዊንዶውስ እነዚህን ፋይሎች ቀጥታ አይከፍታቸውም። አሮጌው ማሽን ገና የሚነሣ ከሆነ ግን ጥሩ መንገድ አለ፤ ደብዳቤዎቹን መርጦ ወደ አንድ ባዶ ፎልደር በማውዝ መጎተት ነው። እያንዳንዱ ኢኤምኤል የተባለ ራሱን የቻለ ፋይል ይሆናል፤ ይህን ዓይነት ፋይል የዛሬ ፕሮግራሞችም ያነባሉ። ተንደርበርድ የሚጠቀም ሰው ፕሮፋይል የሚባለውን ፎልደር እንዳለ መገልበጥ ይበቃዋል፤ ደብዳቤውም ማስተካከያውም እዚያው ነው።

መስመሩ ከፈቀደ ከዚህም የሚሻል አለ። አሮጌው ማሽን ላይ ሌላ የአይማፕ አካውንት ከፍቶ የቆዩትን ፎልደሮች ወደዚያ መጎተት ነው። ደብዳቤው ወደ ሰርቨር ይወጣል፤ ከዚያ ወዲያ ኮምፒውተር ቢቀየርም ባይቀየርም ግድ የለም። ጊዜ ይወስዳል፣ ከሥራ ሰዓት ውጭ ማድረጉ ይመከራል።

ማስተካከያዎቹን በተመለከተ፣ የገቢና የወጪ ሰርቨር ስም፣ የተጠቃሚ ስምና የበር ቁጥሮች ያሉበትን ገጽ በስልክ ፎቶ ማንሣት ብዙ ድካም ያድናል። ዛሬ ምስጢሩ ለተጠበቀ ግንኙነት ፖፕ በ995፣ አይማፕ በ993፣ ወጪው ደግሞ በ465 ወይም በ587 ነው የሚሄዱት። ፓስዎርድ ብዙውን ጊዜ ከፋይሉ ጋር አይዛወርም፤ ሠራተኛው በቃሉ ካላወቀው ቀድሞ መቀየር አለበት። በጂሜይልና በያሁ ደግሞ የማረጋገጫ ኮድ የሚሄድበት ስልክ ቁጥር ዛሬም የራሱ መሆኑን ያረጋግጥ። ሲም ካርዱ ከጠፋ ቆይቶ ከሆነ በሩ ከውጭ ተቆልፏል። ሁለቱ ማሽኖች ለጥቂት ቀን አብረው የሚሠሩ ከሆነም፣ በሁለቱም ላይ «ቅጂው ሰርቨሩ ላይ ይቆይ» የሚለው ምልክት ይደረግ። አለበለዚያ ቀድሞ የተገናኘው ይወስድና የአንድ ሳምንት ደብዳቤ በሁለት ማሽን ይከፈላል። በመጨረሻም በየፎልደሩ ያለውን ብዛት ማመሳከር፣ ከሁሉ የቆየውን ደብዳቤ ከነአባሪው መክፈት ነው። ይህ ሳይሆን «ፎርማት» አይታሰብ።

ይህን ሁሉ የምለው ነገሩ ለደሴና ለኮምቦልቻ ከቴክኒክ በላይ ስለሆነ ነው። በጥቅምት 2014 መጨረሻ የሕወሓት ኃይሎች ሁለቱን ከተሞች ተቆጣጠሩ፤ ህዳር 27 ቀን መንግሥት ከተሞቹ ነጻ መውጣታቸውን አስታወቀ። የ1928ቱ ድብደባ ከደረሰ 86 ዓመት በኋላ፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር በዚያው ዕለት ማለት ነው። በእነዚያ ሳምንታት የደሴ ሆስፒታል፣ የወሎ ዩኒቨርሲቲና የኮምቦልቻ ፋብሪካዎች ተዘረፉ፣ ተጎዱም። ኮምፒውተሮችም ተወሰዱ። የማሽን ዋጋ በጉዳት ዝርዝር ላይ ይጻፋል፣ በበጀትም ይተካል። በማሽኑ ውስጥ የነበረው የደብዳቤ ልውውጥ ግን ዋጋ የሚተመንበት ዓምድ የለውም። ደብዳቤው ሰርቨር ላይ የነበረው ሰው አዲስ አበባ ደርሶ በተዋሰው ስልክ ከፍቶ ሊያነበው ይችላል፤ ማሽን ላይ ብቻ የነበረው ሰው ከማሽኑ ጋር አጣው።

ከዚህ አንድ የማያሻማ ነገር እንማራለን። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው የሐረጎ ቁልቁለት ነው፤ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ኮምቦልቻ ያለ ድርጅት ቅጂውን ደሴ ቅርንጫፍ ማስቀመጡ፣ ደሴ ያለውም ኮምቦልቻ ማስቀመጡ ጥንቃቄ ይመስል ነበር። ሁለቱ በአንድ ሰሞን ስለተያዙ ያ ጥንቃቄ አልበቃም። የሐይቁ ወንጌል ፊልም ኮሌጅቪል መቀመጡ እንዴት ያለ አርቆ ማየት እንደነበር ያን ጊዜ ይገባል።

ሕጉም ቢሆን ነገሩን ከፍ አድርጎታል። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ለኤሌክትሮኒክ መልእክት ሕጋዊ ዕውቅና ሰጥቷል። ያልተጠበቀ ኢሜይል ማለት እንግዲህ የጠፋ ማስረጃ ነው። ይህ ሆኖ ሳለ ብዙ መሥሪያ ቤቶች ዛሬም በሠራተኛ የግል ጂሜይል ይጻጻፋሉ፤ ሠራተኛው ሲለቅ ደብዳቤው አብሮት ይሄዳል። ጉግል ደግሞ ለሁለት ዓመት ያልተከፈተ የግል አካውንትን የመሰረዝ ደንብ አውጥቷል፤ ከ2023 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ወዲህ በሥራ ላይ ነው። ጡረታ የወጣ ወይም ያረፈ ባልደረባ ኢንቦክስ ውስጥ የተቀመጠ የመሥሪያ ቤት ታሪክ ቀኑ እየተቆጠረበት ነው።

ስለዚህ ጥያቄዬ ለመዝገብ ቤት ኃላፊዎች ነው። የወረቀቱን ገቢና ወጪ እንደምትጠብቁ የኢሜይሉንም ጠብቁ። ለመሥሪያ ቤቱ በራሱ ስም አድራሻ ይከፈት፣ አካውንቱ አይማፕ ይሁን፣ በየዓመቱ የሰኔ መዝጊያ ላይ የተላኩትም የገቡትም ተገልብጠው አንዱ ቅጂ በግቢው፣ ሌላው ከወሎ ውጭ ይቀመጥ። መጋዘን ውስጥ አቧራ ለብሰው የተቀመጡትን የኤክስፒ ኮምፒውተሮች ለጨረታ ከማውጣታችሁ በፊት ደግሞ ባለሙያ ጥሩና ዲስካቸውን አስከፍቱ። በተለይ «የተላኩ» የሚለውን ፎልደር እዩት፤ በውስጡ ያለው በሌላ ቦታ ላይገኝ ይችላል።